መጻሕፍትን ይተካል የተባለው የክፍል ውስጥ ፊልም፦ የኤዲሰን ትንቢት ለምን አልሰመረም?

ጥቁር ሰሌዳ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ ነው።

ቶማስ ኤዲሰን በ1913 ለአንድ የኒው ዮርክ የቲያትር ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ መጻሕፍት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በቅርቡ ዋጋ እንደሚያጡ፣ የትኛውንም የዕውቀት ዘርፍ በተንቀሳቃሽ ስዕል ማስተማር እንደሚቻልና በአሥር ዓመት ውስጥ የትምህርት ሥርዓቱ ፈጽሞ እንደሚለወጥ ተናግሮ ነበር። ቀነ ገደቡ ሊሞላ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1922፣ ያንኑ ሐሳብ ደገመው፤ አሁን ግን «አሥር ዓመት» የሚለው ቀርቶ «በጥቂት ዓመታት» ሆነ። ሰውየው የሚሸጥ ዕቃም እንደነበረው መርሳት የለብንም። ከቃለ ምልልሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለቤትና ለትምህርት ቤት ይሆናል ያለውን አነስተኛ የፊልም ማሳያ ገበያ ላይ አውሎ ነበር፤ ፊልሙ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና ስዕሎቹ በሦስት ረድፍ የተደረደሩበት፣ ለሌላ ማሽን የማይሆን ፊልም ነበር።

በዚያው በ1913 ኤዲሰን ለትምህርት ቤት ያዘጋጃቸውን ፊልሞች አይተው አስተያየት እንዲሰጡ ከተጠየቁት ምሁራን አንዱ ጆን ዱዊ ነበር። ዱዊ ፊልሙን አላጣጣለውም፤ ነገር ግን ነገሮች ሲንቀሳቀሱ መመልከት በራስ እጅ ሠርቶ የማወቅን ቦታ እንዳይወስድ ሥጋቱን ገለጸ። እኔን የገረመኝ ይህ ክርክር የተነሣው ፊልሙ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት ማለት ይቻላል መሆኑ ነው።

ፊልም አልነበረም እንዳንል፣ ጆርጅ ክላይን የተባለው አከፋፋይ በ1910 ያሳተመው የትምህርታዊ ፊልሞች ዝርዝር ከ300 በላይ ገጾች ሲኖሩት ከ1,000 በላይ ርዕሶችን የያዘ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ለሲኒማ ቤት ተሠርተው ከታዩ በኋላ «ትምህርታዊ» የሚል ስም የተለጠፈባቸው ናቸው። በአሜሪካ ፊልምን በመደበኛ ትምህርት በመጠቀም ቀዳሚ ተብላ የምትጠቀሰው ሮቸስተር ከተማም ሥራውን የጀመረችው በዚያው ዓመት ነው።

ታዲያ ምን አገደው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መምህራን አዲስ ነገር ስለማይወዱ ነው» የሚል ነው፤ ለእኔ ይህ መልስ አይዋጥልኝም። እስቲ የምታውቁትን ወዲህ በሉ።

---

የማሽን ሰው

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት በሲኒማ ማሽን ዙሪያ ስለሆነ ጉዳዩን ከዚያ ወገን ልጀምር። ጥያቄው «መምህሩ ለምን አልወደደውም?» ከመሆኑ በፊት «መምህሩ እንዴት ብሎ ክፍሉ ውስጥ ያስገባው?» መሆን አለበት።

በዚያን ጊዜ መደበኛው ፊልም 35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የተሠራበትም ቁስ ሴሉሎስ ናይትሬት ነበር። ናይትሬት አንዴ ከተቀጣጠለ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያመነጭ ውሃ ውስጥ ቢነከር እንኳ መንደዱን አያቆምም። በዚህ ላይ ማሽኑ ብርሃን የሚያገኘው በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል ከሚፈጠር ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ቅስት ነው። እንዲህ ያለውን መብራት ከእንዲህ ያለው ፊልም ጋር በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት አገናኝቶ አርባ ሕፃናት መካከል ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በብዙ ከተሞች ሕጉ ማሽኑ በቆርቆሮና በአስቤስቶስ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥና ፈቃድ ባለው ኦፕሬተር እንዲዘወር ያዝ ነበር። ይህን ማሟላት የሚችለው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንጂ የሦስተኛ ክፍል መማሪያ አይደለም። በመሆኑም ፊልም ማለት ተማሪዎችን አሰልፎ ወደ አዳራሽ መውሰድ ሆነ፤ ከሌሎች ክፍሎች ጋር ተደባልቆ፣ ከዕለቱ ትምህርት ጋር የተያያዘም ይሁን አይሁን ሳይታወቅ፣ እንደ በዓል የሚታይ ነገር ማለት ነው።

ሥጋቱም የወረቀት ሥጋት ብቻ አልነበረም። በ1929 የመጨረሻ ዕለት በስኮትላንድ ፔዝሊ ከተማ፣ ግሌን በተባለ ሲኒማ ቤት፣ ለልጆች በተዘጋጀ ትዕይንት ላይ ታይቶ ወደ ቆርቆሮው የተመለሰ አንድ ጥቅል መጨስ ጀመረ። እሳቱ ልጆቹ ዘንድ አልደረሰም፤ ጭሱ ግን አዳራሹን ሞላው፣ ልጆቹም በድንጋጤ ወደ መውጫው ሲጋፉ የብረት በሩ ዝግ ሆኖ ጠበቃቸው። 71 ሕፃናት ሞቱ። ቦታው ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ነገር ግን ይህን የሰማ ርዕሰ መምህር ናይትሬት ፊልም ግቢው እንዲገባ ይፈቅዳል ብዬ አልጠብቅም።

መፍትሔ ፍለጋው ቀደም ብሎ ነበር የተጀመረው። የፈረንሳዩ ፓቴ በ1912 ያወጣው ባለ 28 ሚሊ ሜትር ማሽን የማይቀጣጠል የአሴቴት ፊልም ይጠቀም ነበር። ስለዚህ ማሽን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የመብራት መስመር ለሌለበት ቦታ ሲባል በውስጡ ዲናሞ ነበረው። እጀታውን የሚዘውረው ሰው በአንድ ክንዱ ፊልሙንም ያስኬዳል፣ አምፖሉንም ያበራል፤ እንደ ብስክሌት ዲናሞ ማለት ነው። ክንዱ ሲደክም ፊልሙ ከመዘግየቱም በላይ ስዕሉ ይደበዝዛል፤ ጭራሽ ካቆመ ደግሞ ክፍሉ ይጨልማል። ስለዚህ መምህሩ በአንድ ስዕል ላይ ቆሞ «ልጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ» ለማለት አይችልም።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1923 ኮዳክ 16 ሚሊ ሜትሩን ሲያወጣ ነው። ፊልሙ የማይቀጣጠል ብቻ ሆነ፤ ማሽኑም በተራ አምፖል የሚሠራና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነበር። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በአንድ ጫማ ርዝመት 16 ስዕሎች ሲይዝ 16 ሚሊ ሜትሩ 40 ስለሚይዝ፣ የ1,000 ጫማውን ይዘት 400 ጫማ ቻለው፤ በድምፅ አልባው ዘመን ፍጥነት አሥራ ስድስት ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ይሆናል። ኤዲሰን ትንቢቱን ከተናገረ አሥር ዓመት የሞላው በዚህ ዓመት መሆኑን አስሉት። ቀነ ገደቡ ሲያልቅ ገና ለክፍል የሚሆነው ማሽን መወለዱ ነበር።

---

ሐረግ

የማሽን ሰው ያሉትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ማሽኑ ቢሟላ እንኳ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ፊልም የሚሻለው ለምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ለዚህ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ ፐርሲ ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። ስሚዝ በለንደን የትምህርት ቦርድ ውስጥ ተራ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ተፈጥሮን በፎቶግራፍ የማንሣት ፍቅር ነበረውና ይህ ነገር ለማስተማሪያ እንደሚሆን ለመሥሪያ ቤቱ ቢያመለክትም የሰማው አልነበረም፤ ችሎታውን አይቶ ሥራ የሰጠው ቻርልስ አርባን የተባለው የፊልም ነጋዴ ነው። (ትምህርት ቦርዱ የራሱን ጸሐፊ ለነጋዴ አሳልፎ መስጠቱ እስከ ዛሬ ፈገግ ያሰኘኛል።) ስሚዝ በ1910 የሠራው ፊልም አበቦች ከእንቡጥ ተነሥተው ሲፈኩ ያሳያል። ካሜራው በየተወሰነ ጊዜ አንድ አንድ ስዕል እያነሣ ቀናት የፈጀውን በሴኮንዶች ውስጥ ያሳልፈዋል። ሰውየው ይህን የሚሠራው በሰሜን ለንደን በሚገኘው ቤቱ ነበር፤ መሣሪያው ሌሊት ቢሰናከል ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ደወል ሳይቀር ዘርግቶ ነበር። በኋላም ከ1922 ጀምሮ በወጡት ተከታታይ የተፈጥሮ ፊልሞች ላይ ዋነኛ ባለሙያ ሆነ።

እንግዲህ አንድ የሥነ ሕይወት መምህር የሐረግ ጫፍ ምርኩዝ ፍለጋ በአየር ላይ ክብ እየሠራች ስትዞር በመጽሐፍ ሊያሳይ አይችልም፤ በጠመኔም ሊስለው አይችልም፤ ተማሪውን ደጅ አውጥቶ ቢያስቀምጠውም አያየውም፤ የሰው ዓይን ለዚያ ዝግታ አልተሠራምና። (የመድረክ ስሜን ከወዴት እንዳመጣሁት አሁን ታወቀ።) ፊልም ግን ያሳየዋል። በአንጻሩ የአንድ ሐውልት ወይም የአንድ ተራራ ፊልም ምን ይጨምራል? ተራራው እንደሆነ አይንቀሳቀስ።

ይህን በግምት ብቻ አልተናገርኩም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ፍሪማን ከኮመንዌልዝ ፈንድ በተገኘ ገንዘብ የተሠሩ የንጽጽር ጥናቶችን ሰብስቦ በ1924 አውጥቶ ነበር። የጥናቶቹ ውጤት በአጭሩ ሲነገር፣ ፊልም ብልጫ የሚያሳየው እንቅስቃሴው ራሱ የትምህርቱ ፍሬ ሲሆን ነው፤ እንቅስቃሴ በሌለበት ቦታ ግን የቆመ ስዕል ወይም የመምህሩ ገለጻ እኩል ይሠራል፤ ለእጅ ሥራ ደግሞ መምህሩ ቆሞ በራሱ እጅ ሲያሳይ የተሻለ ነው። ኤዲሰን «የትኛውንም ዕውቀት» ባለበት ቦታ ፍሪማን «ይህን ያህሉን ብቻ» አለ። ለእኔ ትንቢቱ የወደቀው እዚህ ላይ ነው፤ ፊልሙ ግን ቦታውን ያገኘውም እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

---

ቶማስ የማያምን

ወይዘሮ ሐረግ የፍሪማንን ስም ካነሡ ዘንድ የታሪኩን ቀሪ ግማሽም ማንሣት ተገቢ ነው።

ጆርጅ ኢስትማን፣ የኮዳክ መሥራች፣ 16 ሚሊ ሜትሩን ካወጣ በኋላ ገበያ ያስፈልገው ነበር። በመሆኑም ከ1926 ጀምሮ የማስተማሪያ ፊልሞችን ማዘጋጀት ጀመረና፣ የእነዚህን ፊልሞች ጥቅም እንዲመረምሩ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲውን ቤን ዉድንና ይህንኑ ፍሪማንን ቀጠረ። በ12 ከተሞች ወደ 11,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ተሳተፉ፤ ከአራተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያሉ ሲሆኑ፣ የትምህርት ዓይነቶቹ ጂኦግራፊና አጠቃላይ ሳይንስ ነበሩ። ፊልም ያዩት ተማሪዎች ካላዩት በልጠው ተገኙ፤ ውጤቱም በ1929 በመጽሐፍ ወጣ። ነገር ግን የማስተማሪያ ፊልሞቹን የሚሸጠው የኢስትማን ኩባንያ የተቋቋመው በ1928 ነው። ሪፖርቱ ታትሞ ሳይነበብ ሱቁ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ተፈጥረዋል እያልኩ አይደለም፤ ሁለቱም የተከበሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። የምለው፣ ተማሪ አዲስ ነገር ሲመጣለት ለጊዜው ይነቃቃል፤ መምህሩም በትልቅ ጥናት ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ ከወትሮው ይበረታል። ያ መነቃቃት በሦስተኛው ዓመት አብሮ ይኖራል ወይ? በተጨማሪም ፊልም ሰሪዎቹ እነማን እንደነበሩ እንይ። ፎርድ የመኪና ኩባንያ በ1914 የራሱን የፊልም ክፍል አቋቁሞ ስለ ኢንዱስትሪ፣ ስለ ከተሞችና ስለ ጂኦግራፊ የሚያወሱ ፊልሞችን ለሲኒማ ቤቶችና ለትምህርት ቤቶች ያከፋፍል ነበር። በጀት የሌለው ትምህርት ቤት የሚያገኘው የመጣለትን እንጂ የመረጠውን አይደለም። እንግዲህ ልጆቹ ስለ ፋብሪካ የተማሩት ከፋብሪካው ባለቤት ነው። የመምህሩ ጥርጣሬ ከስንፍና ብቻ የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

---

ጥቁር ሰሌዳ

የማያምነው ወዳጃችን ዛሬም ጎኑን ሳይዳስስ አላለፈም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ማከፋፈያው ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ፊልም የሚከራዩት በአብዛኛው ከየክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ነበር፤ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ በ1914 ለዚህ የሚሆን ቢሮ ከፍቷል። ጥቅሉ በፖስታ ይላካል፣ ታይቶ በተወሰነው ቀን ይመለሳል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት ይሄዳል። መምህሩ ስለ እንቁራሪት የሚያስተምርበትን ሳምንት ከወራት በፊት ማወቅ አለበት። ቢያውቅም እንኳ ፊልሙ የሚደርሰው እንቁራሪቱ አልፎ ስለ ማዕድን ሲወራ ሊሆን ይችላል። ይህን ከቀደመው ዘዴ ጋር ስናነጻጽረው ያስቆጫል፤ ሴንት ሉዊስ ከተማ ከ1905 ጀምሮ የትምህርት ሙዚየም ነበራት፤ መምህራን ከዝርዝሩ የመረጡትን የቆመ ስዕል፣ የደረቀ ዕፅዋትና የተሞላ ወፍ በፈረስ ጋሪ በየሳምንቱ ደጃቸው ድረስ ታደርስላቸው ነበር። ወፏ ደግሞ ማሽን አትፈልግም።

የስታንፎርዱ የትምህርት ታሪክ ተመራማሪ ላሪ ኪዩባን በ1986 ጉዳዩን መለስ ብሎ ሲያጠና ያገኛቸው ምክንያቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ የዕቃው ውድነት፣ በተፈለገ ጊዜ አለመገኘቱ፣ መምህራን በማሽኑ አለመሠልጠናቸው፣ ከትምህርቱ ጋር የሚገጥም ፊልም ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ። አንዱም «መምህር አዲስ ነገር ስለማይወድ» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም።

---

የድሮ መምህር

ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ የማሽን ሰው «በአንድ ስዕል ላይ ቆሞ ልብ በሉ ለማለት አይችልም» ያሉት ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። ስለ አሜሪካ እያወራችሁ የእኔን ክፍል ገለጣችሁት።

በእኛ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የገባ ጊዜ፣ በ1997 ዓ.ም. (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው)፣ ሥነ ሕይወት አስተምር ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት የሚመጣ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገር፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚጀምርና ሰዓቱን ጠብቆ የሚያልቅ ነበር። ስዕሉ ውብ ነው፤ ይህን አልክድም፤ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ሕዋስ ሲከፈል በቀለም ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን እርሱ ይወስድና ለእኔ መግቢያና መውጫዋ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈኛለች። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች እንበል። ቴሌቪዥኑ አያያትም። እኔ አያታለሁ፤ ነገር ግን መልስ ስሰጣት ሌሎቹ የሚቀጥለው ነገር ያመልጣቸዋል። ስለዚህ እጇን በእጄ ምልክት አስወርጄ ፊቴን ወደ ስክሪኑ እመልሳለሁ። ይህን በቀን አምስት ጊዜ ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ያደረገው ነው።

ያ የፓቴ ማሽን ያለው ሰውዬ ቢያንስ እጀታው በእጁ ነበር። ክፍሉ ቢጨልምም ማቆም ይችላል።

---

የማሽን ሰው

መምህር፣ የተናገሩት ነገር ዋናው ጉዳይ ነው፤ በዚያ ዘመንም አከራክሯል።

ፈረንሳዮች በ1922 ያወጡት 9.5 ሚሊ ሜትር ማሽን አንድ ብልሃት ነበረው። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቆረጥ ያለች ምልክት ታደርግና ማሽኑ እዚያች ላይ ሲደርስ ፊልሙ ለጥቂት ሴኮንዶች በራሱ ይቆማል፤ ጽሑፍ የሚነበብበት ቦታ ላይ ፊልም ላለማባከን የታሰበ ነው። በአንዳንድ የ16 ሚሊ ሜትር ማሽኖች ላይ ደግሞ በአምፖሉና በፊልሙ መካከል ሙቀት የሚከላከል ወንፊት እየገባ መምህሩ የፈለገውን ስዕል አቁሞ ማስረዳት ይችል ነበር። ፊልሙም ድምፅ አልባ ስለሆነ የሚናገረው መምህሩ ነው፤ ለትንንሾቹ በቀላል ቃል፣ ለትልልቆቹ በጠለቀ ቃል፣ ያንኑ ፊልም ለሁለት ክፍል ያደርገዋል።

ከ1929 ወዲህ በአሜሪካ ባለ ድምፅ የክፍል ፊልም መሥራት የጀመረው ኢርፒ የተባለው ኩባንያ የስልክ ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲ ዘመድ ነበር። ድምፅ ሲመጣ የማብራሪያው ቃል በፊልሙ ላይ ታተመ፤ ስዕሉን ብታቆሙት ድምፁም ይቋረጣል። በጀርመን በአንጻሩ በ1934 የተቋቋመው የማስተማሪያ ፊልም መሥሪያ ቤት ባለ ድምፅ ፊልም በሲኒማ ቤቱ ከነገሠ በኋላም ለትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ድምፅ አልባ 16 ሚሊ ሜትር ያቀርብ ነበር። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ፊልም የመምህሩ መሣሪያ እንጂ ምትኩ አይደለም የሚል ነበር። ርካሽነቱም እንዳለ ሆኖ። ያን መሥሪያ ቤት ያቋቋመው የናዚ መንግሥት መሆኑን ስናስብ ግን መምህሩ በዚያ ነጻ ድምፅ ምን እንዲናገር ይጠበቅ እንደነበር ሌላ ጥያቄ ነው።

---

ሐረግ

መምህር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። መብራት ሲጠፋስ ምን ያደርጉ ነበር?

---

የድሮ መምህር

መብራት የጠፋ ዕለትማ አርባው ደቂቃ የእኔ ነው። ጠመኔዬን አንሥቼ ልብን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ የላይኛውን ክፍል፣ የታችኛውን፣ ደሙ የሚሄድበትን በቀስት። ያቺ እጇን ያስወረድኳት ልጅም ጥያቄዋን ትጠይቃለች፤ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ በአማርኛ እመልስላታለሁ።

ነገር ግን ወይዘሮ ሐረግ ያሉትን ላስተባብል አልችልም። የልብ ክዳኖች ሲከፈቱና ሲዘጉ በጠመኔ አይሳሉም። ሁለት መዳፎቼን ገጥሜ፣ ጣቶቼን እየከፈትኩና እየዘጋሁ፣ «ደሙ ወደዚህ ሲገፋ ይከፈታል፣ ሊመለስ ሲል ይዘጋል» እላለሁ። ልጆቹም የራሳቸውን መዳፍ እየገጠሙ ያደርጉታል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ታዲያ «ጋሼ፣ ሁለቱም ክዳኖች እኩል ነው የሚዘጉት ወይስ አንዱ ይቀድማል?» ብሎ ጠየቀኝና ሁለት እጅ ብቻ ስላለኝ ላሳየው አልቻልኩም። የዚያን ዕለት መብራቱ ቶሎ በመጣ ብዬ ተመኝቻለሁ።